ጭብጨባው ካለፈ በኋላ፦ «ዘ ሬስለር» ፊልም እና ጉልበቱን ሸጦ የኖረ ሰው

የፊልሙ መክፈቻ በጩኸት የተሞላ ነው። በ1980ዎቹ የታተሙ የትግል ማስታወቂያዎችና የመጽሔት ቁራጮች በተመልካቹ ፊት ያልፋሉ። በመካከላቸው ረጅም ወርቃማ ፀጉር ያለው አንድ ጎልማሳ ይታያል። አዳራሾች በስሙ ይናወጣሉ፤ አስተዋዋቂዎችም ድሉን ያበስራሉ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመታት እንዳለፉ ይነገርና ሁሉም ጸጥ ይላል። ያው ሰው በአንድ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ያስላል። ክፍሉ ለዚያ ምሽት መልበሻ ሆኖ የተሰጠው ነው። ጥቂት የብር ኖቶች ተቆጥረውለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኪራዩን ባለመክፈሉ ግን በሩ ተቆልፎ ይጠብቀዋል። ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ ያድራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ለዕይታ የበቃው «ዘ ሬስለር» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም የሚነሣው ከዚህ ነው። ታሪኩን የጻፈው ሮበርት ሲገል፣ ያዘጋጀው ደግሞ ዳረን አሮኖፍስኪ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሚኪ ሩርክ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን የወርቅ አንበሳ ሽልማት አግኝቷል። በስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ አነስተኛ ፊልም ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሸጠው ጉልበቱን ብቻ ከሆነ፣ ጉልበቱ ያለቀ ዕለት ምን ይተርፈዋል?

አውራ በጉ ማን ነው?

የፊልሙ ባለታሪክ በመድረክ ስሙ ራንዲ «ዘ ራም» ሮቢንሰን ይባላል። «ራም» ማለት አውራ በግ ነው። እንደሚዋጋ በግ ከገመዱ ጫፍ ላይ ተወርውሮ በተጋጣሚው ላይ መውደቅ ታዋቂ ያደረገው የማሸነፊያ ስልቱ ነው። የልደት ስሙ ግን ሮቢን ራምዚንስኪ ነው፤ በዚህ ስም መጠራትንም አይወድም። ሮቢን ማለት ኪራይ ያለበት፣ ጆሮው በመስሚያ መሣሪያ የሚታገዝ፣ ከአንዲት ልጁ ጋር የተቆራረጠ ተራ ሰው ነውና።

የሚኖረው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ተጎታች ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነው። በሥራ ቀናት በአንድ ሱፐርማርኬት ዕቃ ይሸከማል። በዕረፍት ቀናት ደግሞ በትንንሽ አዳራሾች ይታገላል። የሰፈሩ ሕፃናት ይወዱታል፤ ከአንዱ ልጅ ጋር ተቀምጦ ራሱ ገጸ ባሕርይ የሆነበትን ያረጀ የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወታል። ልጁ ግን ወዲያው ስለ አዲስ ጨዋታ ማውራት ይጀምራል። ዘመኑ እንዳለፈ የሚነገረው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

የተስማሙበት ውጤት፣ የእውነት ሕመም

ፊልሙን በሚገባ ለመረዳት የዚህን ሙያ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሊምፒክ የሚታየው ትግል እውነተኛ ውድድር ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አይታወቅም። በቴሌቪዥን በስፋት የሚታወቀው ሬስሊንግ ግን በስፖርት መልክ የሚቀርብ ትርዒት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ተጋጣሚዎቹም በመልበሻ ክፍል ተገናኝተው ማን መቼ እንደሚወድቅ ይነጋገራሉ። በሕዝብ ፊት ጠላት የሚመስሉት ሁለት ሰዎች ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ የሌላውን አካል ለመጠበቅ አደራ የተቀባበሉ የሥራ ባልደረቦች ናቸው።

የጀግናና የከሀዲ ድርሻም እንዲሁ ይከፋፈላል። በራንዲ የድል ዘመን ተጋጣሚው «አያቶላ» በሚል ስም የኢራንን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የሚወጣ ሰው ነበር። ይህ ከእውነተኛው ታሪክ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1984 ሀልክ ሆገን በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ታላቅ ድል ያገኘው «አይረን ሺክ» በሚል ስም የሚታወቀውን ኢራናዊ ተጋጣሚ ጥሎ ነበር። የወቅቱ የፖለቲካ ቁጣ ለትርዒቱ ማገዶ ይሆን ነበር።

ውጤቱ የተወሰነ ነው ማለት ግን ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። የመድረኩ ወለል በጣውላና በብረት ላይ ስስ ፍራሽና ሸራ የተነጠፈበት ነው። አንድ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በጀርባው ሲወድቅ አከርካሪው፣ ጉልበቱና አንገቱ ይመታሉ። ራንዲ በእጁ መጠቅለያ ውስጥ ትንሽ ምላጭ ደብቆ ሲገባ፣ በግጥሚያው መካከልም ማንም ሳያየው ግንባሩን ሲቆርጥ ፊልሙ ያሳያል። ደሙ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ የመጣበት ምክንያት ብቻ ነው። በሌላ ግጥሚያ ደግሞ እሾሃማ ሽቦ፣ የተሰበረ መስታወትና ትልቅ ስቴፕለር ገላው ላይ ያርፋሉ። ከግጥሚያው በኋላ ሐኪም አንድ በአንድ ሲነቅልለት ይታያል።

ልብ የሚከፍለው ዕዳ

ራንዲ ግዙፍ ሆኖ ለመታየት ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ይወጋል። ይህ መድኃኒት ጡንቻን በፍጥነት ያሳድጋል። ነገር ግን ልብም ጡንቻ ናት። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የልብ ግድግዳ ይወፍራል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ በደም ውስጥ ያለው ጎጂ ስብ ከፍ ብሎ ጠቃሚው ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ ልብን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች ይጠባሉ። ውጫዊው አካል እየገዘፈ ሲሄድ ውስጡ ይደክማል። ማሳን ያለ ዕረፍትና ያለ ፍግ በማዳበሪያ ብቻ እየገፉ ከዓመት ዓመት ማረስ እንደማለት ነው፤ ለጥቂት ዓመታት ቡቃያው ያማረ ይሆናል፤ አፈሩ ግን ከሥር ይሞታል።

ከዚያ ከባድ ግጥሚያ በኋላ ራንዲ ድንገተኛ የልብ ሕመም ገጥሞት ይወድቃል። ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ደም በተዘጋው ቧንቧ ዙሪያ የሚያልፍበት አዲስ መንገድ ይሠሩለታል። ሲነቃም ከእንግዲህ መታገል እንደማይችል ይነገረዋል።

ይህ የደራሲው ምናብ ብቻ አይደለም። በዘርፉ ዝነኛ የነበረው ኤዲ ጌሬሮ እ.ኤ.አ. በ2005 በልብ ሕመም ሲሞት ገና 38 ዓመቱ ነበር። ሞቱን ተከትሎ ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ደብሊው ደብሊው ኢ በ2006 የመድኃኒትና የልብ ምርመራ መርሐ ግብር ጀምሯል። በትንንሽ አዳራሾች ለዕለት ገቢ የሚታገሉት ግን እንዲህ ያለ ከለላ እምብዛም የላቸውም።

አሠሪው ማን ነው?

የራንዲ ችግር የጤና ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሬስሊንግ ተጋጣሚዎች በአብዛኛው እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በግላቸው ውል እንደሚሠሩ ሰዎች ይቆጠራሉ። ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበርም አልመሠረቱም። ስለዚህ ዕድሜ ሲገፋ የሚጠብቃቸው ጡረታ ወይም ቋሚ የጤና መድን ብዙውን ጊዜ የለም።

ፊልሙ በሚካሄድበት በኒው ጀርሲ ግዛት አንድ ልብ የሚባል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዘርፉ ትልቁ ኩባንያ ወኪሎች ሬስሊንግ የስፖርት ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን ለግዛቱ ምክር ቤት በይፋ መሰከሩ። የዚህ ዓላማ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ቁጥጥሩ ከሚያስከትለው ወጪ ነፃ መውጣት ነበር። በፊልሙ ውስጥም ራንዲ ከአያቶላ ጋር ያደረገው ዝነኛ ግጥሚያ በ1989 የተካሄደ ነው። ሕዝቡ በአዳራሽ ተጋድሎ ብሎ ያጨበጨበለት ሥራ በሕግ ፊት መዝናኛ ብቻ በተባለበት ዓመት ማለት ነው።

በፊልሙ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ትዕይንት ይጠቃለላል። ያረጁ ተጋጣሚዎች በአንድ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ፎቶግራፍና ፊርማ ይሸጣሉ። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። ራንዲ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ጓደኞቹን ያያል፤ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው፤ የሌላው እግር ላይ የሽንት ከረጢት ታስሯል። ማንም ምንም አይናገርም።

የተከፈቱ ሦስት በሮች

ከሕመሙ በኋላ ራንዲ ሌላ ሕይወት ለመጀመር ይሞክራል። የመጀመሪያው በር ሥራ ነው። በሱፐርማርኬቱ ሥጋና ሰላጣ እየመዘነ ለመሸጥ ይመደባል። ወደ ባንኮኒው ሲያመራ ካሜራው ከኋላው ይከተለዋል፤ በጆሮው የአዳራሹ ጩኸት ይሰማል፤ ወደ መድረክ የሚወጣ ይመስላል። መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ጩኸቱ ድንገት ይቆማል። በደረቱ ላይ ያለው ስም «ሮቢን» ይላል። መጀመሪያ ላይ ከደንበኞች ጋር እየተጫወተ ሥራውን ይወደዋል። አንድ ቀን ግን አንድ ደንበኛ ማንነቱን ያውቅበታል። ኀፍረቱ ወደ ቁጣ ተለውጦ የሥጋ መቁረጫውን በቡጢ ይመታል፤ እጁ ይደማል፤ ሥራውንም ጥሎ ይወጣል።

ሁለተኛው በር ልጁ ስቴፈኒ ናት። በሕፃንነቷ ትቷት ስለሄደ አትቀበለውም። በስጦታና በእንባ ልቧን ያገኘዋል፤ በባሕር ዳርቻ አብረው ይራመዳሉ፤ በተተወ የዳንስ አዳራሽም ይደንሳሉ። ቅዳሜ ማታ እራት ሊበሉ ይቀጣጠራሉ። እርሱ ግን በዋዜማው ሲጠጣና አደንዛዥ ዕፅ ሲወስድ አድሮ፣ ቀኑን በእንቅልፍ አሳልፎ ቀጠሮውን ያፈርሳል። በሩ ዳግመኛ ላይከፈት ይዘጋል።

ሦስተኛው በር ማሪሳ ቶሜይ የተጫወተቻት ካሲዲ ናት። በምሽት ክበብ ዳንሰኛ ናት፤ ወንድ ልጅ ታሳድጋለች። እርሷም እንደ ራንዲ በሐሰተኛ ስም ገላዋን እያሳየች የምትኖር፣ በዕድሜዋ ምክንያት ደንበኞች ፊታቸውን የሚያዞሩባት ሴት ናት። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። እርሷ የመድረክ ስሟንና የእናትነት ሕይወቷን ለይታ ታውቃለች፤ ከዚያ ሥራ መውጣትንም ታቅዳለች። እርሱ ግን ራንዲን ከሮቢን መለየት አልቻለም።

ሦስቱም በሮች የጠየቁት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ በየቀኑ መገኘትን። በመድረክ ላይ ለሃያ ደቂቃ ሁሉን መስጠት ይበቃል። ለልጅና ለትዳር፣ ለተራ ሥራም ግን ያለ ጭብጨባ ነገም ከነገ ወዲያም መገኘት ግድ ነው። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» እንዲሉ፣ ራንዲ ሊጠለልበት የፈለገው ቤት በ1980ዎቹ ክረምት የቀረ ነው።

ተዋናዩና ገጸ ባሕርዩ

ፊልሙ ጎልቶ የወጣበት አንዱ ምክንያት የሚኪ ሩርክ የራሱ ሕይወት ነው። በ1980ዎቹ ከታወቁ ወጣት ተዋንያን አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ትወናውን ትቶ ወደ ቦክስ ገባ፤ እስከ 1994 ድረስም በፕሮፌሽናል ደረጃ ተፋለመ። በቦክሱ ፊቱ ተጎድቶ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው፤ የቀድሞ ክብሩም ከእጁ ወጣ። ስለዚህ ተመልካች በራንዲ ፊት ላይ የሚያየው ጠባሳ በሜካፕ ብቻ የመጣ አይደለም።

ሩርክ በዚህ ሥራው የጎልደን ግሎብና የብሪታንያውን ባፍታ ሽልማቶች አሸንፏል፤ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። አዘጋጁ በበኩሉ በእጅ በሚያዝ ካሜራ፣ እውነተኛ የትግል ባለሙያዎችንና የአዳራሽ ታዳሚዎችን አሳትፎ መቅረጹ ፊልሙን ለዘጋቢ ፊልም የቀረበ አድርጎታል። በፊልሙ መጨረሻ የሚሰማውን ዜማ የደረሰው ድምፃዊ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ነው።

የመጨረሻው ዝላይ

ሦስቱ በሮች ሲዘጉ ራንዲ ከአያቶላ ጋር የሃያኛ ዓመት መታሰቢያ ግጥሚያ ለማድረግ ይወስናል። ካሲዲ ልትከለክለው ትመጣለች። እርሱ ግን የሚጎዳው ከመድረኩ ውጭ ያለው ዓለም መሆኑን ነግሯት ወደ ሕዝቡ ይወጣል።

በግጥሚያው መካከል ደረቱን ያመዋል። ይህን መጀመሪያ የሚያስተውለው በሺሕ የሚቆጠር ደጋፊ ሳይሆን «ጠላቱ» አያቶላ ነው። ዛሬ መኪና እየሸጠ የሚኖረው ይህ ሰው በጆሮው ሹክ ብሎ ግጥሚያውን እዚያው እንዲጨርሱ ይለምነዋል። ሕዝቡ ግን ዝላዩን ይጠይቃል። ራንዲ ገመዱ ላይ ይወጣል፤ ካሲዲ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ያያል፤ ባዶ ነው። ይዘላል፤ ምስሉም ይጨልማል።

ይሙት ወይም ይትረፍ ፊልሙ አይናገርም። አንዳንዱ ተመልካች በክብር እንደሄደ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ከሮቢን ሕይወት እንደሸሸ። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን አለ። በዚያ አዳራሽ ለሰውዬው ሕይወት የተጨነቀው እንዲጠላው የተከፈለው ሰው ነበር፤ የሚወዱት ደጋፊዎቹ ግን «ዝለል!» ይሉት ነበር።