አንድ ክፍል በ6,499 ዶላር፤ የ«ኩዊልት» ማሞቂያ ያዋጣል?

በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ የተቋቋመው «ኩዊልት» የተባለ ጀማሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቃውን ለገበያ ሲያቀርብ ለአንድ ክፍል የቆረጠው ዋጋ 6,499 ዶላር ነበር። የመግጠሚያው ሒሳብ በዚሁ ውስጥ ነው። ከመስራቾቹ መካከል ቀደም ሲል በጉግል የሠሩ የሚገኙበት ይህ ኩባንያ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር 33 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች አሰባስቧል። የሚሸጠው «ሂት ፓምፕ» በብርድ ወራት ቤት የሚያሞቅ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ነው።

ሳሎንና ሦስት መኝታ ቤት ያለው ሰው በዚያ ዋጋ 25,996 ዶላር ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ አዲስ የቤት አውቶሞቢል ይገዛል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትል ወይም በሚኒሶታ ቤት ገዝተው በየወሩ የባንክ ዕዳ ለሚከፍሉ ኢትዮጵያውያንም ጥያቄው የሩቅ አይደለም፤ አሮጌው ማሞቂያ በጃንዋሪ ብርድ ድንገት ሲቆም ለመወሰን ያለው ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ይበጃል።

የመሣሪያው አሠራር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ፍሪጅ ከጀርባው የሚሞቀው ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያራግፍ ነው። ሂት ፓምፕም እንዲሁ፣ ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ሳይቀር ያለውን ሙቀት ለቃቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ባጭሩ አምራች ሳይሆን አጓጓዥ ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሲሰጥ፣ ይህኛው መለስተኛ ብርድ ባለበት ቀን ሦስት ያህል ይሰጣል። ብርዱ ሲጠና ግን ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል።

ዋናው ነገር የመብራቱ ዋጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጋዝ ለቤት የሚሸጠው ቴርም በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ ቴርም 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይይዛል። ጥሩ የጋዝ ማሞቂያ ከዚህ ውስጥ 95 በመቶውን፣ ማለትም ወደ 27.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋውን ለቤቱ ያደርሳል። ሂት ፓምፑ ሦስት እጥፍ ከሰጠ ይህንኑ ሙቀት በ9.3 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ያስገባል። መብራቱ 13 ሴንት በሆነበት ከተማ ወጪው 1 ዶላር ከ21 ሴንት፣ 35 ሴንት በሆነበት ደግሞ 3 ዶላር ከ25 ሴንት ገደማ ይሆናል። የጋዙ ዋጋ በቴርም 2 ዶላር ቢሆን በመጀመሪያው ከተማ ሂት ፓምፑ ያተርፋል፣ በሁለተኛው ይከስራል።

የሚገርመው፣ ኩባንያው ሽያጩን የጀመረው በሰሜን ካሊፎርኒያ መሆኑ ነው። በዚያ የፒጂ ኤንድ ኢ ደንበኞች በመደበኛው ታሪፍ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ30 ሴንት በላይ ይከፍላሉ። ገንዘብ ያለው፣ አዲስ ነገር ለመሞከር የማይፈራ ደንበኛ የሚገኘው እዚያ እንደሆነ ባይካድም፣ በጋዝ ሲሞቅ የኖረ ቤት በወርሃዊ ክፍያው ቁጠባ ብቻ 26 ሺህ ዶላሩን ይመልሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በናፍጣ፣ በሲሊንደር ጋዝ ወይም በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሚጠቀም ቤት ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ማቀዝቀዣ ሊገዛ ያሰበ ሰውም የማቀዝቀዣውን ዋጋ ከሒሳቡ መቀነስ ይኖርበታል፤ አንዱ ዕቃ ሁለቱንም ይሠራልና።

የመንግሥት ድጎማም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ለሂት ፓምፕ ገዢ የወጪውን 30 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 2,000 ዶላር ከግብር ይቀንስለት ነበር። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን አንስቶታል፤ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ የተገጠመ ዕቃ የፌዴራሉን ቅናሽ አያገኝም። የቀሩት አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችና የመብራት ድርጅቶች በየራሳቸው የሚሰጧቸው ቅናሾች ናቸው። ዛሬም የ2,000 ዶላሩን ቅናሽ በሒሳቡ ውስጥ ከትቶ የሚያግባባ ሻጭ ካለ መጠርጠር ነው።

ወደ ዕቃው ስንመለስ፣ የክፍል ውስጡ ሣጥን ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ከመስኮት በላይ ባለች ጠባብ ቦታ ይገባል። ፊቱንም በእንጨት መሸፈን ይቻላል። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን አስቀያሚነት ጠልተው ሂት ፓምፕን የሚሸሹ የቤት ባለቤቶች ጥቂት አይደሉምና ይህ የሚናቅ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ባዶው ክፍል ሲሆን ሙቀቱን ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ የሚገኘው ቁጠባ ግን ተጋኖ ሊወራ አይገባውም። በክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሙቀት ያሳልፋል፤ የቀዘቀዘውን ክፍል በጥድፊያ መልሶ ለማሞቅ ደግሞ መሣሪያው በሙሉ ጉልበቱ፣ ማለትም ብዙ መብራት በሚበላበት ሁኔታ መሥራት ይኖርበታል።

በሴፕቴምበር 2025 ኩባንያው ቀደም ሲል የተገጠሙትን መሣሪያዎች በኢንተርኔት በላከው ሶፍትዌር አማካይነት ጉልበታቸውን ከ20 በመቶ በላይ ማሳደጉን አስታውቋል። ከተገዛ በኋላ እየተሻለ የሚሄድ ማሞቂያ በዚህ ገበያ ያልተለመደ ነውና ደንበኞቹ ቢደሰቱ አያስገርምም።

ሆኖም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነገር በኢንተርኔት ሊወሰድም ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ኔስት የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሬቮልቭን ጠቀለለ፤ በ2016 አገልግሎቱ ሲዘጋ 300 ዶላር የወጣባቸው የሬቮልቭ መቆጣጠሪያዎች ከንቱ ሆነው ቀሩ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ጉግል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልድ የኔስት ቴርሞስታቶች ከስልክ ጋር የሚያገናኘውን አገልግሎት አቋረጠ። ቴርሞስታቶቹ ግድግዳ ላይ በእጅ መሥራታቸውን አላቆሙም። ከጉግል መንደር የወጡት የኩዊልት ሰዎች ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ገዢውም ማወቅ አለበት። ሂት ፓምፕ አስራ አምስት ዓመት ይሠራል ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ነው። ጀማሪ ኩባንያ አስራ አምስት ዓመት ይቆያል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

ተፎካካሪዎቹም ትናንት የመጡ አይደሉም። የጃፓኑ ዳይኪን እ.ኤ.አ. በ1924 ተመሥርቶ፣ በ2012 የአሜሪካውን ጉድማን በ3.7 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክም ከትሬን ጋር በ2018 በሽርክና ገብቷል። የእነዚህን ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ በየከተማው አለ፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። በዕቃው ጥራት ብቻ እነርሱን መርታት ከባድ ነው።

አክሲዮን የሚያስብ ሰው እንግዲህ ማየት ያለበት ሣጥኑን ሳይሆን የመግጠሙን ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ገዢው ከሚከፍለው ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የሠራተኛ ጉልበት፣ የመኪና ምልልስና ደንበኛ የማግኘት ወጪ ናቸው። ኩዊልት መጀመሪያ ከሽያጭ እስከ ገጠማ ያለውን ራሱ ይዞ፣ ዋጋውንም በክፍል ቆርጦ መነሳቱ ይህን ለመቀነስ ያለመ ነበር። ወደ ኋላ ላይ ከአካባቢ ተቋራጮች ጋር በአጋርነት መሥራት መጀመሩ ደግሞ በፍጥነት ለመስፋፋት ይረዳዋል፤ ትርፉን ግን ያካፍለዋል።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ የሚቀርበው የክፍሉ ማሞቂያ ሳይሆን የውሃው ነው። የመብራት ታሪፍ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በአራት ዓመት ዕቅድ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር በተወሰነበት ከተማ፣ ተራውን ቦይለር በሂት ፓምፕ ቦይለር የሚተካ ሆቴል ለዚያው ሙቅ ውሃ የሚከፍለው ወደ ሲሶው ሊወርድ ይችላል። እነ ግሪና ሃየር ያመርቱታል፤ የሲሊከን ቫሊ ጀማሪ አያስፈልገውም።

ኩዊልትንም ሆነ ሌላውን ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት «ማንዋል ጄ» የሚባለውን የቤቱን የሙቀት ፍላጎት ስሌት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ብዙ ተቋራጮች ይዘሉታልና። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው የመሣሪያው ጉልበት ዘወትር በ8.3 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካው ነው። ለሚኒሶታ ሰው የሚጠቅመው ከዜሮ በታች 8.3 ላይና ከዚያም በታች የተለካው ቁጥር ሲሆን፣ ሻጩ ይህን ማሳየት ካልቻለ የአሮጌውን ማሞቂያ ቱቦ ማስነቀል አይገባም።