መድኃኒት ወደ ደም የሚገባባቸው መንገዶች

«መርፌ ይሻለኛል፣ ኪኒን አይዘኝም» የሚል ልመና በየጤና ጣቢያው ይሰማል። መርፌ ስለሚያም ኃይሉም የበረታ ነው የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዷል። ሐኪም ግን የመድኃኒት መስጫ መንገድ ሲመርጥ የሚያሰላው ሌላ ነው፦ ከመድኃኒቱ ምን ያህሉ ወደ ደም ይደርሳል? በምን ፍጥነትስ?

የሚዋጥ መድኃኒት ጨጓራ ውስጥ ሟሙቶ በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ከአንጀት የተነሣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበት እንደ ቀረጥ ኬላ ነው፤ ከአንዳንዱ መድኃኒት ጥቂት፣ ከአንዳንዱ አብዛኛውን ያስቀራል። የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ሲዋጥ ለሰውነት የሚተርፈው ሲሶው ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚዋጠው መጠን በመርፌ ከሚሰጠው ይበልጣል። ፀረ-ባክቴሪያዎቹ ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሳይቀነሱ ያልፋሉ። መዋጥ ለሚችልና ለማያስመልሰው ሕመምተኛ የሜትሮኒዳዞል ኪኒን ከመርፌው የሚያንስበት ነገር የለም።

ጉበትን አልፎ የሚሄድ አቋራጭ ያስፈለጋቸው መድኃኒቶች አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መሬል እ.ኤ.አ. በ1879 ለልብ ሕመምተኞች የደረት ውጋት መፍትሔ ብሎ ያስተዋወቀው ናይትሮግሊሰሪን ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢዋጥ አብዛኛው ጉበት ላይ ይጠፋል። ከምላስ ሥር ሲቀመጥ ግን በስሱ የአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም ሥር ዘልቆ በደቂቃዎች ውስጥ ውጋቱን ያስታግሳል።

የስኳር ሕመም መድኃኒቱ የኢንሱሊን ችግር ከጉበትም ይቀድማል፤ ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ እንደ ምግብ ይፈጨዋል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሆድ ላይ ሲወጋ ከጭን ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ የተወጋው እግር በእርምጃ ወይም በሩጫ ሲሠራም ፍጥነቱ ይጨምራል።

መርፌ ሁሉ ፈጣን አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው እንዳለ ደም ውስጥ ስለሚገኝ ለድንገተኛ ሕመም ተመራጭ ነው፤ ስሕተት ከተፈጠረ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። በጡንቻ ከሚሰጡት ደግሞ ሆን ተብለው እንዲዘገዩ የተሠሩ አሉ። የእርግዝና መከላከያው ዴፖ ፕሮቬራ ቀስ በቀስ እየተለቀቀ 3 ወር ያገለግላል። የሩማቲክ ልብ ሕሙማን የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ለሳምንታት ይቆያል፤ ይኸው መድኃኒት በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ልብን ሊያቆም ይችላል።

መድኃኒቱን ለታመመው ቦታ በቀጥታ ማድረስ ደግሞ መጠኑን ይቀንሰዋል። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል በአፍ ሲማግ አንዱ ርጭት 100 ማይክሮግራም ነው። የሚዋጠው ኪኒን ግን 2 ወይም 4 ሚሊግራም ይይዛል፤ ይህም ከርጭቱ 20 ወይም 40 እጥፍ ነው። የሚማገው ፈጥኖ ሳንባ ይደርሳል፤ መድኃኒቱ የሚያስከትለው የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ መፍጠንም ይቀልላል።

በጽኑ ወባ የተያዘ ሕፃን ራሱን ስቶ መዋጥ ሲያቅተው፣ መርፌ የሚሰጥበት ተቋምም ሲርቅ፣ ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ከሆነ አርቴሱኔት በፊንጢጣ ተሰጥቶት በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በዚያ ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው ብዙ ሰው የሚያፍርበት መንገድ ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር የምንበላውና የምንጠጣውም ለውጥ ያመጣል። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል፤ በባዶ ሆድ ግን ብዙው ይባክናል። ፀረ-ባክቴሪያውን ቴትራሳይክሊንን ደግሞ ወተት ያግደዋል። ለነፍሰ ጡር ከሚሰጠው የብረት ኪኒን ወደ ደም የሚገባውን ቡናና ሻይ ስለሚቀንሱት ኪኒኑን ከቡናው ሰዓት ማራቅ ይገባል።

እንግዲህ መድኃኒት ስንቀበል ፋርማሲስቱን እንጠይቅ፦ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከምን ጋር አይወሰድም? መስበር ወይም መፍጨትስ ይቻላል? በዝግታ እንዲለቀቅ የተሠራ ኪኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንዴ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ሐኪሙ ኪኒን ይበቃል ካለም እንመነው፤ ያለ ምክንያት የተወጋ መርፌ ሕመምና የኢንፌክሽን ስጋት እንጂ ተጨማሪ ፈውስ አያመጣም።