የድብርት ሕክምና ለአንዱ ፈጥኖ፣ ለሌላው ዘግይቶ የሚሠራው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር፦ ሁለት ሰዎች በድብርት ታምመው አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል። አንደኛው በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሌላኛው ግን ተሻለው ሲባል እያገረሸበት ይቸገራል። ለልዩነቱ በርካታ ምክንያቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሚዘነጉት አንዱ የስብዕና መታወክ ነው።

የስብዕና መታወክ አንድ ሰው ራሱን የሚያይበት፣ ስሜቱን የሚገዛበትና ከሌሎች ጋር የሚኖርበት መንገድ ለዓመታት ተዛብቶ ኑሮውን ሲያውክበት የሚታይ የጤና ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ወይም በወጣትነት ዕድሜ ይጀምራል። ሰው ቁጡ ወይም ዝምተኛ ስለኾነ ብቻ ግን ይህ ችግር አለበት አይባልም።

እ.ኤ.አ በ2006 በብሪታንያ የሥነ አዕምሮ ሕክምና መጽሔት የታተመና በርካታ ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ ሁለቱ ችግሮች የተደራረቡባቸው ታካሚዎች ሕክምናቸው ያለመሳካት ዕድሉ ድብርት ብቻ ካለባቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ነገሩ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ምርጥ ዘር እንደ መዝራት ነው። ዘሩ መልካም ቢኾንም ማጠንፈፊያ ቦይ ካልተበጀለት ቡቃያው ይቢጫል። መድኃኒትም የድብርቱን ምልክት ሊያቀል ይችላል፤ የሚደጋገም ጠብን፣ የመገለል ፍርሃትን ወይም ሰውን አለማመንን ግን ብቻውን አያስወግድም። እነዚህ ደግሞ ሐዘንን መልሰው ይቀሰቅሳሉ፤ ታካሚው ከሐኪሙ ጋር እንዳይግባባና ቀጠሮ እንዲያቋርጥም ያደርጋሉ።

ይህ ማለት ግን ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ጊዜና ተጨማሪ የምክክር ሕክምና ግን ያሻቸዋል። ድብርት ራሱም የሰውን ጠባይ ስለሚለውጥ፣ ሐኪሙ ታካሚው ከመታመሙ በፊት እንዴት ያለ ሰው እንደነበር መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የቤተሰብ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው።

የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ "አልሠራልኝም" ወይም "ተሽሎኛል" ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ለውጥ ከሌለ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ መንገር ያስፈልጋል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ብቻውን ሳይተዉ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል።

"ጠባዩ ነው፤ አይለወጥም" የሚለው አነጋገር ታማሚውን ከሕክምና ያርቃል። ጠባይ የመሰለው ነገር ሕመም ሊኾን ይችላል፤ ሕመም ደግሞ ይታከማል።