የካርቱም ቁጥራችን የት ነው ያለው?

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ውሃ ወረፋም አላወራም። በየኪሳችን ስለያዝናት ስለ ሸሪሃ፣ ማለትም ስለ ሲም ካርድ ጥቂት ላጫውታችሁ። ብዙዎቻችን ከካርቱም ስንወጣ ቤትና ዕቃ ብቻ ሳይሆን የስልክ ቁጥራችንንም ጥለን ነው የወጣነው። ለመሆኑ ያ ቁጥር የት ሄደ? (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ስኖር ለሰባት ዓመት አንድ ቁጥር ብቻ ነበረኝ። ሸሪሃዋን ስገዛ የምመዘገብበት መታወቂያ አልነበረኝም፤ አንድ ደግ ሱዳናዊ ጎረቤቴ በራሱ ስም አወጣልኝ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሳ እንደሌላው ሰው ሸሸሁ። መንገድ ላይ ስልኬን ከነሸሪሃዋ ተቀማሁ። የእናቴን ቁጥር በቃሌ አልያዝኩትም፤ ስልኩ ውስጥ ነበር ያለው። ገዳሪፍ ደርሼ አንድ የስልክ ሱቅ ገባሁና «ቁጥሬን መልሱልኝ» ብል «የተመዘገበበት ሰው ራሱ ይምጣ» አሉኝ። ያ ጎረቤቴ ደግሞ እሱም ተሰዶ ግብፅ ገብቷል። ምን ላድርግ? ዝም አልኩ።

ጎንደር ያለችው እናቴ ግን በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ትደውላለች፤ ዝግ ነው። ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ጠራ! በደስታ «ልጄ!» ስትል የማታውቀው ሰው «ኑምራ ገለጥ» ብሎ ዘጋባት። ቁጥር ተሳስተሻል ማለቱ ነው። እናቴ ዓረብኛ አታውቅም። እኔን የገደለ ሰው ስልኬን የወሰደ መሰላት። ለቅሶ ልትቀመጥ ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው አንድ የዴም ጎረቤታችን እኔ ወዳለሁበት መጥቶ ያገናኘን። የእሷን ቁጥር ድሮ በደብተሩ ጽፎት ኖሯል።

ያ «ኑምራ ገለጥ» ያለ ሰው ሌባ አልነበረም። ቁጥሩን ከሱቅ በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩን ሳጠና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሸሪሃዋ ውስጥ ያለው ሌላ ቁጥር ነው

ቁጥራችን ሸሪሃዋ ላይ የተቀረጸ ይመስለናል። አይደለም፤ እዚያ ላይ ቢጻፍ እንኳ ለማስታወሻ ያህል ነው። ሸሪሃዋ በዋናነት የያዘችው እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ ሌላ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የሱዳን 634፣ የኢትዮጵያ 636 ነው። ቀጥሎ የኩባንያው፣ ከዚያ የደንበኛው ይመጣል። ከሱ ጋር አንድ የምስጢር ቁልፍ አለ። በዚህ ቁልፍ ነው ስልኩ ለኩባንያው «እውነትም እኔ ነኝ» ብሎ የሚያረጋግጠው።

ሰው የሚደውልልን በ249 የሚጀምረው ቁጥር ግን ያለው በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ «ይህ የውስጥ ቁጥር፣ የዚያ የአደባባይ ቁጥር ባለቤት ነው» ይላል። ስለዚህ ሸሪሃ ሲጠፋ በአዲስ ሸሪሃ አሮጌውን ቁጥር መመለስ ይቻላል። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ማስተካከል ነው። በሌላ በኩል መስመሩ ለወራት ሳይሠራ ከቆየ ኩባንያው ቁጥሩን ወስዶ ለሌላ ይሸጠዋል። ይህ በብዙ አገር የሚደረግ ነው። የእኔም ቁጥር እንዲህ ነው የሄደው።

አገራችን የክርስትና ስምና የዓለም ስም አለ አይደል? የክርስትና ስም ካህኑና ቤተሰቡ የሚያውቁት ነው፤ መተት እንዳይሠራበት ብለው የሚደብቁትም ብዙ ናቸው። ገበያ ላይ የምንጠራው በዓለም ስማችን ነው። የሸሪሃዋም የውስጥ ቁጥር እንደ ክርስትና ስም ነው፤ ለማንም አይሰጥም። የስልክ ቁጥራችን የዓለም ስማችን ነው።

የካምፕ ምዝገባን አስቡ

በድሮው የሞባይል ሥርዓት ድምፅ የራሱ መንገድ ነበረው። በ2002 ግን ድምፁም ምስሉም መልእክቱም በአንድ የኢንተርኔት መንገድ የሚሄድበት ደንብ ወጣ፤ አይ.ኤም.ኤስ. ይባላል። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ ድምፅ የሚተላለፈው በዚህ ደንብ ነው። ደንቡ ሦስት ነገር ይለያል፤ የውስጥ ስም፣ የአደባባይ ስም፣ እና ሰውየው አሁን ያለበት ቦታ።

የአደባባይ ስሙ በሁለት መልክ ይጻፋል። ወይ እንደ ስልክ ቁጥር፣ ወይ ኢሜይል በሚመስል መልክ ስምና የኩባንያ ስም ሆኖ። አንድ ሰው ለዘመድ አንድ፣ ለሥራ ሌላ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ስም ደግሞ በሁለት ስልክ ላይ ሊመዘገብና ሲደወል ሁለቱም ሊጮሁ ይችላሉ።

ስልኩ ሲበራ ኔትወርኩ ጊዜያዊ የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጠዋል። ይህ አድራሻ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ነው። ስልኩም ወደ እናት ኩባንያው «እገሌ ነኝ፣ አሁን በዚህ አድራሻ እገኛለሁ» ብሎ ይልካል። ኩባንያው በምስጢር ቁልፉ አረጋግጦ ይመዘግበዋል። ምዝገባው ቀነ ገደብ አለው፤ ካልታደሰ ይሰረዛል።

ይኸውላችሁ፣ ልክ እንደ ካምፓችን ነው። ሙፈወዲያ መዝገብ ላይ ያለው ስማችን አይለወጥም፤ ከዞን ወደ ዞን ስንዛወር ግን ድንኳናችን ይለወጣል። እንግዳ ሲመጣ አስተባባሪውን በስም ይጠይቃል፤ እሱም ደብተሩን አይቶ የዛሬውን ድንኳን ያሳየዋል። የቤተሰብ ኃላፊ ካርዱን ይዞ ሲቀርብ ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚቆጠር፣ በዚህ ደንብም አንዱ የአደባባይ ስም ሲመዘገብ አብረውት የተመደቡት ስሞች በሙሉ ይመዘገባሉ። አዲስ ገቢ ካርድ እስኪያገኝ ጊዜያዊ ወረቀት ይይዝ የለ? የድሮ ዓይነት ሸሪሃ ያለው ስልክም ከውስጥ ቁጥሩ ጊዜያዊ ስም ሠርቶ በሩን ያንኳኳል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ስሞቹን ከኩባንያው ይቀበላል። ያ ጊዜያዊ ስም ምስጢሩን ስለሚያወጣ ለደዋይ አይታይም።

ካርቱም ሸበካ ሲጠፋ

በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የሱዳን ትልልቆቹ ሦስት ኔትወርኮች፣ ዘይን፣ ኤም.ቲ.ኤን. እና ሱዳኒ፣ በአብዛኛው አገሪቱ ጠፉ። በምሥራቅ በኩል እንደ ፖርት ሱዳን ያሉ ቦታዎች ቀድመው ሲመለሱ ካርቱምና ዳርፉር ግን ብዙ ቆዩ። ያኔ ሰዉ ምን አደረገ? ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ካለበት ሄዶ በሰዓት እየከፈለ ዋትሳፕ ከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሸሪሃዋ ሸበካ አልነበራትም፤ በ249 ቁጥሩ መደወል አይቻልም ነበር። ዋትሳፕ ላይ ግን ያው የ249 ቁጥር ስም ሆኖ ይሠራ ነበር። ዋትሳፕ የራሱ መዝገብ አለው። ቁጥሩን አንድ ጊዜ በኮድ ካረጋገጠ በኋላ ባለቤቱ በሳተላይት ይምጣ በዋይፋይ ግድ የለውም። ስሙ ቀረ፣ መንገዱ ተለወጠ። ብዙ ሰው «አለሁ» ብሎ ለቤተሰቡ የነገረው በዚህ መንገድ ነው።

ስሙ ራሱ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነፃ ስትወጣ የራሷን መለያ 211 አገኘች። በ249 ይጠሩ የነበሩ የጁባ መስመሮች ስማቸው ተለወጠ። ይህን ያልሰማ ዘመድ በአሮጌው ቁጥር ሲደውል ይውላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የምትችሉ ሁሉ ሸሪሃ በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ። በሰው ስም ከሆነ ያ ሰው የት እንዳለ እወቁ።

2. የሦስት ሰው ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ የእናትን፣ የወንድም ወይም የእህትን፣ የአንድ ጎረቤትን። አንዱን በቃላችሁ ያዙ። ልጆችንም አስጠኑ። እኔ ክፍል ውስጥ ከፊደል ቀጥዬ ማስተማር የጀመርኩት ይህንን ነው።

3. ስትጽፉ በመደመር ምልክትና በአገር መለያ ጀምሩ። የሱዳን 249፣ የኢትዮጵያ 251፣ የኤርትራ 291 ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው ዜሮ ትወጣለች፤ እሷ ለአገር ውስጥ ብቻ ናት።

4. የማትጠቀሙበትን ሸሪሃ አትጣሉ። አልፎ አልፎ ትንሽ ረሲድ ሞልታችሁ ደውሉባት።

5. ዋትሳፕ ላይ አዲስ ቁጥር ስታወጡ «ቁጥር ቀይር» በሚለው አዛውሩት። አካውንቱ 120 ቀን ካልተከፈተ በአብዛኛው ይሰረዛል። 45 ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ ቁጥሩ በሌላ ስልክ ላይ ከተከፈተ ደግሞ ዋትሳፕ ለሌላ ሰው እንደተሸጠ ቆጥሮ የድሮውን ፎቶ ያጠፋል።

6. የሚመጣላችሁን 6 አሃዝ ኮድ ለማንም፣ ለወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ። ኮዱን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ከዘመዶቻችሁ ገንዘብ ሊለምን ይችላል። የራሳችሁን ተጨማሪ የይለፍ ቁጥርም አስገቡ።

ቁጥሩ ጨርሶ ጠፍቶ ዘመድ የተቆራረጠበት ሰው ወደ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ ይሂድ። ቤተሰብ ፍለጋ የቆየ ሥራቸው ነው። በወረቀት የሚጻፍ የቀይ መስቀል መልእክትም ያደርሳሉ፤ እሱ ሸሪሃም ረሲድም አይፈልግም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ሰፈርና ቀበሌ አስተካክሎ መጻፍ ብቻ ነው።

እናቴ አሁን ሁለት ቁጥር አላት፤ የእኔና የጎረቤቴ። ሁለቱንም በትልልቁ አስጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አሮጌውን የካርቱም ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ከስልኳ አላጠፋችውም። «ያ ሰውዬም የሰው ልጅ ነው፣ እናቱ ትደውልለት ይሆናል» ትላለች።

ቸር ያሰማን።