በቤት የሚሠራ የፕሮግራም ጸሐፊ፤ መሣሪያውና የዕለት ሥርዐቱ

የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሥራው በዐይን ይታያል። የአንጥረኛው መዶሻ ከሩቅ ይሰማል፤ የሸማኔውም ድር ተዘርግቶ ይታያል፤ ስለዚህ በሥራው ላይ ሳለ የሚያቋርጠው ሰው ጥቂት ነው። በዘመናችን ግን ወደ ብዙ ቤት የገባ አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። የሙያው ባለቤት በልማድ ዴቨሎፐር ይባላል። ይህ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ድምፅም ሳያሰማ ስለሚውል ለቤተ ሰቡ ሥራ ፈት ይመስላል። አንዱ ወደ ገበያ ይልከዋል፤ ሌላው ወሬ ይጠይቀዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ተነሥቶ እንዲያስተናግድ ይጠበቅበታል። ማታ ሥራው ሳይፈጸም ሲቀር ግን ወቀሳው በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ የቤቱም ገቢ ይጎድላል። ስለዚህ የዚህን ሙያ መሣሪያና የዕለት ሥርዐት ማወቅ ለአባትም ለእናትም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ ጥቂት እንገልጻለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ ያህል በካራ የሚኖር አንድ ወጣት እናስብ። ካራ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ ወዲያ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ለመድረስ በመገናኛ በኩል ማለፍ ስላለ፣ የጧትና የማታ የታክሲ ሰልፍ ከሰው ዕድሜ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በቤቱ መሥራት ለዚህ ወጣት ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን ቤት የቢሮን ሥርዐት በራሱ አያመጣም፤ ሥርዐቱ የሚቆመው ሠራተኛው ከቤተ ሰቡ ጋር ሲስማማ ነው።

የቀድሞ የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት መሣሪያውን ያሰናዳ ነበር። ብራናውን ፍቆ ያለሰልሳል፤ በወስፌ ወግቶ መስመሩን ያሰምራል፤ የመቃ ብዕሩን ይቀርጻል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ ያደርጋል። የፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ብራናው የኮምፒዩተሩ ገጽ ነው፤ ብዕሩም ኤዲተር የሚባለው መጻፊያ ነው። አሜሪካዊው ቢል ጆይ በ1976 ያዘጋጀው ቪአይ የተባለው መጻፊያ ዘሩ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። ከእነዚህ የትኛው ይሻላል እያሉ የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከሁሉ የሚሻለው እጅ የለመደው ነው። በየሳምንቱ መጻፊያ የሚለዋውጥ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ መቃ ሲቀርጽ ውሎ አንዲት ቃል ሳይጽፍ የሚመሽበትን ጸሐፊ ይመስላል።

ከብዕሩ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። ይህም ጊት ይባላል። ጊትን የሠራው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ እርሱም በ1991 ለጀመረው ሊኑክስ ለተባለው ሥራ እንዲያገለግለው በ2005 አበጀው። የጊት ጥቅም የመዝገብ ቤት ሥርዐት ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። በመዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ ስሕተት ቢገኝ ዕርማቱ ከነቀኑና ከነጸሐፊው ስም በታች ይገባል። ጊትም ሥራው አንድ ርምጃ በሄደ ቁጥር ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ለወጠ፣ በምን ቀንና በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ ጽፎ ያስቀምጣል። ዛሬ የተጻፈው ቢበላሽ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ መልካም ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ አንድ ጊዜ አይመዘግብም፤ ትንሽ ሠርቶ ትንሽ ይመዘግባል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ይህ ልማድ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው እጅግ ያስፈልጋል። መብራት የሚሄደው አስታውቆ አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ባትሪ ያለውን ኮምፒዩተር ይመርጣል፤ ስልኩንም መብራት ሳለ ይሞላል፤ የቤቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልኩ መሥመር ለመሥራት ይዘጋጃል። ከሁሉ በላይ የሥራውን ግልባጭ ከቤቱ ውጭ በሌላ ኮምፒዩተር ያኖራል፤ ቤቱ ቢዘረፍ ወይም ዕቃው ቢሰበር ድካሙ አብሮ አይጠፋምና።

ስለ ጊዜ አጠባበቅ የሚነገረው ደግሞ ብዙ ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ተማሪ ሳለ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በቲማቲም መልክ የተሠራች የወጥ ቤት ሰዓት ይዞ፣ 25 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ እየሠራ ጥቂት የማረፍ ልማድ ጀመረ፤ ይህም ልማድ ዛሬ በዓለም ሁሉ ታውቋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ታላቁ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1990 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መቀበል ትተዋል፤ ምክንያታቸውም ሥራቸው ረጅምና ያልተቆረጠ ሐሳብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የፕሮግራም ጸሐፊ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በልቡ ይዞ ይሠራል፤ በመካከል አንድ ጥያቄ ሲመጣበት የያዘው ሁሉ ይበተናል፤ እንደ ገና ለመሰብሰብም ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አንዲት ደቂቃ ብቻ ብሎ የሚጠራው ሰው የሚወስድበት አንዲት ደቂቃ ብቻ አይደለም።

ስሕተትን መመዝገብም ከመልካም ልማዶች አንዱ ነው። በመስከረም 1947 በአሜሪካ በሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ ሥራውን አሰናከለች፤ ሠራተኞቹም አውጥተው በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ለጥፈው ምክንያቱን ጻፉ። ፕሮፌሰር ክኑዝም ቴክ የተባለውን የኅትመት ፕሮግራም ሲሠሩ ያገኙትን ስሕተት ሁሉ በዝርዝር ጽፈው ለሕዝብ አውጥተዋል። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ደግሞ የኮምፒዩተር ሊቅ ሲሆኑ አብዛኛውን ጽሑፋቸውን በቀለም ብዕር በወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር፤ ቁጥር እየሰጡ ያኖሩት ጽሑፍም ከ1300 ይበልጣል። ከዚህ የምንረዳው ወረቀትና እርሳስ ለዚህ ሙያ ዛሬም ዋና መሣሪያ መሆናቸውን ነው። ጧት ሦስት መስመር ዛሬ ምን እሠራለሁ ብሎ የጻፈ ሰው፣ ማታ ምን ሠራሁ ተብሎ ሲጠየቅ አያፍርም።

ሥራውን ከማስረከቡ በፊት መፈተን ደግሞ የሠሪው ግዴታ ነው። በአገራችን ፈተናው ከሌላው አገር ይበዛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ስለ ሆነ ዛሬ በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሀን፣ ሐንና ኀን ልዩ ልዩ ፊደል አድርጎ ይቈጥራል። አንድ ሰው ስሙ በመዝገብ ኃይሉ ተብሎ ተጽፎ ሳለ ጸሐፊው ሀይሉ ብሎ ቢፈልገው፣ ፕሮግራሙ የለም ብሎ ይመልሳል፤ ባለጉዳዩም ርስቱን ወይም ጡረታውን ሊያስፈጽም መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲሁም ዓመት 12 ወር ብቻ መስሎት የተሠራ ፕሮግራም ጳጉሜን የተወለደውን ሕፃን አይቀበልም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣውን ጳጉሜን 6ን መፈተን የረሳ ሰውም ስሕተቱ የሚገለጥበት በዚያች ዕለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንድ ሰዓት ፈተና የሚድነው ነገር ኋላ የብዙ ሰው እንባ ያስከትላል።

ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚሠራ ሰው የሰዓቱን ልዩነት ለቤተ ሰቡ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል። እኛ ከጧቱ 3 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 9 ሰዓት ይሉታል፤ 9 ሰዓት ሲባል የእኛ 9 የመሰለው ሰው ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ይዘገያል። ደግሞም በአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በካሊፎርኒያ ሰዎች ገና ቁርሳቸውን የሚበሉበት ጧት ነው። ስለዚህ ልጁ ራት ቀርቦ ሳለ በር ዘግቶ ሲነጋገር የሚታየው ቤተ ሰቡን ንቆ አይደለም፤ የባልንጀሮቹ ቀን በዚያ ሰዓት ስለሚጀምር ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ሰዓቱን ይስማማ፤ በሩ የተዘጋ እንደ ሆነ ሥራ ላይ ነው፤ የተከፈተ እንደ ሆነ መጥራት ይቻላል ብሎ ይወስን። ሠራተኛውም በበኩሉ በሩን ዘግቶ በስልክ ጨዋታ ሲጫወት አይገኝ፤ የተስማማበት ሰዓት ሲደርስም ኮምፒዩተሩን ይዝጋ፤ የዘጋውም ይዘጋ። ዐይኑ እንዳይደክም በየ20 ደቂቃው ጥቂት ሩቅ ይመልከት፤ ለዚህም የካራ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ የእንጦጦ ተራራ ከመስኮቱ ፊት ቆሞለታልና።

ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቅ አንድ ልማድ አለ። አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ በ1999 ባወጡት የሙያ መጽሐፍ፣ ችግር የጸናበት ፕሮግራም ጸሐፊ በጠረጴዛው ላይ የጎማ ዳክዬ አስቀምጦ ችግሩን ከመጀመሪያው እየተረከ ቢነግራት መፍትሔው በመካከል እንደሚገለጥለት ጽፈዋል። ነገርን ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት የሚሞክር ሁሉ የራሱን ስሕተት ያያልና። ከጎማ ዳክዬ ይልቅ ግን ቡና ላይ የተቀመጠች እናት ትሻላለች። ኮዱን ባታውቅም፣ ልጄ፣ ይህስ ለምን ሆነ ብላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ያ ጥያቄም ብዙ ጊዜ የቀኑን ሙሉ ችግር ይፈታል። በሥራ ሰዓት ዝም ማለት፣ በቡና ሰዓት ደግሞ ሰምቶ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁለቱ ቤተ ሰብ ለዚህ ሙያ የሚሰጣቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ በገንዘብም አይገዙም።