ተፊው ኮብራ፦ የሚወራውና እውነቱ

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜንና ምሥራቅ ኬንያ፣ በደቡብ ሶማሊያና በምሥራቅ ኡጋንዳ ደረቅ ቆላዎች መርዙን የሚተፋ ግዙፍ ኮብራ ይኖራል። ርዝመቱ 2.7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ተመራማሪዎችም ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ ከባለ ጥቁር አንገቱ ተፊ ኮብራ ጋር አንድ አድርገው ሲቆጥሩት ኖረው፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የተሰጠው በኬንያዋ ዋታሙ የእባብ ማዕከል ላቋቋመው ለጄምስ አሽ መታሰቢያ ነው።

«ዓይን ላይ ከተፋ ዓይኑ ጠፋ» ይባላል። ይህ አባባል የተጎዳውን ሰው ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ከሁሉም በላይ ሊታረም ይገባዋል። መርዙ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሕመሙ በእርግጥ ከባድ ነው፤ ዓይን ይቀላል፣ ያብጣል፣ እንባ ያጎርፋል። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ከታጠበና ሐኪም ካየው ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። ችላ ሲባል ነው የዓይኑ የፊት ሽፋን ቆስሎና አመርቅዞ ብርሃን የሚያሳጣው። ወተት መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ውኃ በሌለበት ወተት ማጠቢያ መሆን ይችላል፤ መርዙን ግን አያረክስም። ዓይንን ማሸትና የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ ጉዳቱን ያባብሳል።

የሚተፋውም ምራቅ አይደለም። በመርዝ ዕጢው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ዕጢውን ሲጨምቅ መርዙ ከፊት ጥርሶቹ ቀዳዳ ወደፊት ይፈናጠራል፤ እባቡም ራሱን በፍጥነት እያወዛወዘ ፊት ላይ ይረጨዋል። ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል። ቁስል የሌለበት ቆዳ ላይ ካረፈ ታጥቦ ይለቃል።

«ተፊ እባብ አይነክስም» የሚለው ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። መትፋቱ ራሱን ለመከላከል ብቻ ነው፤ የሚያድነው ነክሶ ነው፣ ሌሎች እባቦችን ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዋታሙ ላይ ከአንድ እባብ በአንድ ጊዜ 6.2 ሚሊ ሊትር መርዝ ተቀድቷል። ይህ መርዝ ሥጋን ይገድላል፤ ስለዚህ የተነከሰን እግር በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ በምላጭ መብጣትና ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጊዜ ከማባከንና ጉዳት ከመጨመር በቀር አይረዳም።

በቆላ ከብት የምታግዱና በረሃ የምታቋርጡ ወገኖቼ፣ ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ። እባቡ አንገቱን ዘርግቶ ከቆመ ፊታችሁን ሸፍናችሁ ወደኋላ ራቁ። ከተፋባችሁ ውኃ፣ ከነከሳችሁ ሆስፒታል፤ ሁለቱንም ሳትዘገዩ።