ማጠፊያ፦ በቤት ለሚሠራ አውሮፕላን

አብራሪው መሪውን ሲነካ የሚታዘዙለት ክፍሎች፣ በክንፉ ላይ ኤለሮን፣ በጅራቱ ላይ ኤሌቬተርና ረደር፣ ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያያዙት በማጠፊያ ነው። አውሮፕላኑን በጋራዡ የሚገጣጥም ሰው ለሞተሩ የሚጨነቀውን ያህል ለዚህም ሊጨነቅ ይገባል።

ምርጫው በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው የፒያኖ ማጠፊያ ነው። ጭነቱን በረጅም መስመር ላይ ስለሚያከፋፍል ለቀጭን ቆርቆሮ ይስማማል፤ ዋጋውም አይከብድም። ነገር ግን የብረቱ ሽቦ የአሉሚኒየሙን ቀለበቶች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል፤ ሽቦው በንዝረት ተንሸራትቶ እንዳይወጣም ጫፉ መታሰር አለበት። ሁለተኛው በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ በኩሽኔታና በቡሎን ማንጠልጠል ነው። የኦሪገኑ ቫንስ ኤርክራፍት በአርቪ-7 ላይ ሁለቱንም ተጠቅሟል፦ የክንፉን ፍላፕ በፒያኖ ማጠፊያ፣ ኤሌቬተሩንና ረደሩን የቡሎን ጥርስ ባለው ኩሽኔታ። ትክክለኛ ድልድል ነው እላለሁ፤ ፍላፕ አልፎ አልፎ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ኤሌቬተር ግን በበረራ ላይ እረፍት የለውም።

ከመምረጡ መግጠሙ ይከብዳል። ሁለት ማጠፊያዎች ምንጊዜም አንድ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ፤ ጣጣው ከሦስተኛው ይመጣል። እሱ ከመስመሩ ጥቂት እንኳ ከወጣ ክፍሉ ሲታጠፍ ይጨናነቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ይታሰራሉ፣ በመካከላቸው ክር ይወጠራል ወይም ቀጥ ያለ ዘንግ ያልፋል፤ የመካከለኛው ቀዳዳ በትራፓኖ የሚበሳው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርስ ያለው ኩሽኔታ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ግማሽ ዙር በማዞር ይስተካከላል። ከጎኑ ሰፊ ሮንዴላ ከገባ ደግሞ የኩሽኔታው ኳስ ቢወልቅ እንኳ ክፍሉ ተገንጥሎ አይሄድም። ቡሎኑ የመዞር ዕድል ካለው በውስጡ ባለው ፕላስቲክ የሚጠብቅ ዳዶ አይታመንም፤ ኮፒሊያ የሚያልፍበት ዳዶ ያስፈልጋል።

የላላ ማጠፊያ መርገብገብን ይጋብዛል፤ በፍጥነት ላይ የጀመረ መርገብገብ ክንፍ ሊሰብር ይችላል። ጥብቅ ማጠፊያ ብቻውን ግን አያድንም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዞዲያክ ሲኤች 601 ኤክስኤል ከበረራ እንዲታገድ የጠየቀው በኤለሮን መርገብገብ ሥጋት ነበር፤ በኋላ ከተደረጉት ማሻሻያዎች አንዱ ለኤለሮኑ የሚዛን ክብደት መጨመር ነው።

የምትሠሩ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በእጃችሁ ይዛችሁ ነቅንቁት። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱን ሳታገኙ አትነሡ።